ዜናው ከወጣ በኋላ ማን ይመለሳል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ክቡር ሆይ፣

በቅርቡ ባወጣችሁት ርዕሰ አንቀጽ ሕዝቡ በመገናኛ ብዙኃን ላይ ያለው እምነት እየተሸረሸረ መምጣቱን ገልጻችሁ፣ ለዚህ ተጠያቂ ያደረጋችሁት ማኅበራዊ ሚዲያውን፣ በተለይም በየሰዓቱ «ሰበር ዜና» እያሉ በዩቲዩብ የሚጮኹትን ቻናሎች ነበር። ስለ ቻናሎቹ የጻፋችሁትን አልቃወምም፤ እንዲያውም አንሶባቸዋል እላለሁ። ነገር ግን ጽሑፉ ጥፋቱ ሁሉ ከዝግጅት ክፍላችሁ በር ውጭ የሚገኝ አስመስሎ ስለደመደመ፣ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚኖር አንድ አንባቢም የሚለው ነገር አለ ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። በሬ ወለደ የሚል ሰው ዱሮም ነበር፣ ወደፊትም ይኖራል። የእኛን የዜና ሥራ ከሁሉ በላይ የጎዳው፣ በማስፈራራትም ሆነ በማሞገስ የተጋነነ ወሬ ከተሰራጨ በኋላ እውነቱ ምን እንደሆነ ለማየት ተመልሶ የሚመጣ ጋዜጠኛ መጥፋቱ ነው የሚል እምነት አለኝ፤ በዚህ ረገድ ደግሞ በወረቀት የሚታተመው፣ በሬዲዮ የሚነገረውና በስልክ የሚታየው ብዙም አይለያዩም።

የምኖረው የቀላል ባቡሩ መስመር ከሚያበቃበት ከአያት አልፎ ባለ የኮንዶሚኒየም መንደር ነው። ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከተገለልሁ ወዲህ የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ አገለግላለሁ፤ ይህም ማለት በጥበቃዎች ደመወዝ፣ በውኃ ፓምፕ ጥገናና በቆሻሻ ማንሻ መዋጮ ላይ የሚደረገውን ክርክር ሁሉ በቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰፈር ለጋዜጠኛ የሚሆን ነገር ብዙ ጊዜ የለውም። በ2017 ዓ.ም. ግን እኛም ዜና ሆንን።

የዚያን ዓመት የመሬት መንቀጥቀጥ አንባቢዎቻችሁ አይዘነጉትም። መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ምሽት በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣውና 4.9 የተለካው ርዕደ መሬት ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ደርሶ፣ በፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎች ልጆቻችንን ይዘን ወደ ደረጃው ሮጠናል። ከዚያ ወዲያ ለወራት እየተደጋገመ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን ደግሞ 5.7 ገደማ የሆነው ሲመጣ ፍርሃቱ ከፍ አለ። ሰው መፍራቱ ተገቢ ነበር፤ አደጋውም እውነተኛ ነበር። ሥራው የተበላሸው ይህን ፍርሃት ምን እናድርገው በሚለው ላይ ነው።

በእነዚያ ሳምንታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካሜራ የያዙ ሁለት ወጣቶች ወደ መንደራችን መጥተው የተሰነጠቀ ግድግዳ እንድናሳያቸው ጠየቁ። የተሰነጠቀ ልስን የሌለበት ኮንዶሚኒየም የት ይገኛል? ያሳየናቸው የልስን ስንጥቅ ግን ቀጭን ስለሆነባቸው በካሜራ አይወጣም አሉ። በመጨረሻም በአንዱ ብሎክ ደረጃ አጠገብ ከመሬት እስከ ጣሪያ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ክፍተት አዩና ተደሰቱ። እኔም ያ ክፍተት ስንጥቅ አለመሆኑን፣ ረዘም ያለ ሕንፃ በሙቀትና በብርድ ሲለጠጥና ሲኮማተር፣ መሬቱም ሲንቀሳቀስ ሁለቱ ክፍሎች እንዳይገፋፉ መሐንዲሶች ከመጀመሪያው ሆን ብለው የሚተዉት መለያ መሆኑን፣ ግንበኞችም ኤክስፓንሽን ጆይንት እንደሚሉት አስረዳኋቸው። አንደኛው ልጅ በትሕትና አዳመጠኝ። «ገባን አባቴ፤ እስቲ እዚህ ጋ ቆመው በጣትዎ እያሳዩ ይህንኑ ይንገሩን» አለኝ። «እሺ ልጄ» ብዬ ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልሁ ደግሜ ተናገርሁ።

ማታ የወጣው ቪዲዮ ላይ ጣቴ አለ፤ ድምፄ የለም። በድምፄ ቦታ የሚያስፈራ ሙዚቃ ገብቷል። ርዕሱ «ሰበር ዜና፦ ኮንዶሚኒየሙ ለሁለት ተሰነጠቀ!» የሚል ሲሆን፣ ፊት ለፊት የተለጠፈው ፎቶግራፍ ከሌላ አገር የተወሰደ የፈረሰ ሕንፃ ነበር። ለሁለት መከፈሉ እውነት መሆኑን አልክድም፤ ሲሠራም ለሁለት ተከፍሎ ነው የተሠራው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ርዕሰ አንቀጻችሁ ከሚለው ጋር ይስማማል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ልብ በሉልኝ። በማግሥቱ አንድ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ፕሮግራም «በማኅበራዊ ሚዲያ እየተዘዋወረ ባለ ቪዲዮ እንደታየው» በሚል መግቢያ ነገሩን አነሣው፤ አድማጮችም እየደወሉ ስለ የራሳቸው ብሎክ የሚያውቁትንም የማያውቁትንም ጨመሩበት። ቀጥሎ አንድ ጋዜጣ፣ የእናንተ ያልሆነ፣ «ነዋሪዎች ተናገሩ» ብሎ ጻፈ። ወደ እኛ የደወለም የመጣም ዘጋቢ አልነበረም። ለአንባቢ በሦስት የተለያዩ መንገዶች የተረጋገጠ የሚመስለው ወሬ ሁሉ ሲፈተሽ ምንጩ አንድ የእኔ ጣት ብቻ ነበር። «ማኅበራዊ ሚዲያ እንዲህ አለ» ብሎ መዘገብ ዘጋቢውን ከተጠያቂነት የሚያድነው ይመስላል፤ አንባቢው ግን የሚያስታውሰው ጋዜጣው ላይ ማየቱን እንጂ ጋዜጣው ከማን እንደሰማው አይደለም።

የደረሰው ጉዳት ትልቅ ዜና የሚሆን አይደለም፤ ለደረሰባቸው ሰዎች ግን ትልቅ ነው። በዚያ ብሎክ ስቱዲዮ ቤታቸውን አከራይተው እርሳቸው ከልጃቸው ጋር ተጠግተው የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ ተከራዩ ወሬውን እንደሰማ ዕቃውን ጭኖ ሄደ፣ ምትክ ለማግኘትም ዋጋ ቀንሰው ብዙ መጠበቅ ነበረባቸው። ቤቱን ሊሸጥ ቀብድ የተቀበለ ጎረቤታችን ቀብዱን መልሷል። ከደሴም ከዋሽንግተንም የሚደውል ዘመድ «አሁኑኑ ውጡ» ይላል፤ ወዴት እንደምንወጣ ግን የሚነግረን የለም። ልጆች ለብዙ ሌሊት ጫማቸውን ሳያወልቁ ተኙ።

ኮሚቴው ዝም አላለም። የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት መሐንዲሶች እንዲልክልን ጠይቀን መጥተው አዩ፤ ክፍተቱ በዲዛይኑ ላይ ያለ መለያ መሆኑን፣ የልስን ስንጥቆቹም የተሸካሚ አካል ጉዳት አለመሆናቸውን በደብዳቤ ገለጹልን። ደብዳቤውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጠፍን፣ ቅጂውንም ለሬዲዮ ፕሮግራሙና ለጋዜጣው አደረስን። ከሬዲዮው «እናየዋለን» የሚል መልስ አገኘን። በጋዜጣው ዝግጅት ክፍል የተቀበለን ሰው ጨዋ ነበር፤ ደብዳቤውን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ሲያበቃ «ልክ ናችሁ፣ ግን እኮ ዜናው አልፎበታል» አለን።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይህ አነጋገር ነው። ዜናው ያለፈበት ለማን ነው? ለጋዜጣው እንጂ ተከራይ ላጡት እናት አላለፈባቸውም።

የተጋነነ ዘገባ ሲወጣ የሚጠፋው እውነት ብቻ አይደለም፤ ቦታም ይጠፋል። በእነዚያ ወራት አንባቢው ሊያውቅ የሚገባው ብዙ ነገር ነበረ። የመለኪያው አንድ ቁጥር ከፍ ሲል የሚለቀቀው ኃይል ወደ 32 እጥፍ የሚያድግ መሆኑን፣ ስለዚህም ከ4.9 ወደ 5.7 የተደረገው ጉዞ በቁጥር እንደሚታየው ትንሽ አለመሆኑን፤ ይህ ቁጥር ደግሞ ርዕደ መሬቱ የተነሣበትን ቦታ እንጂ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ላይ የሚሰማውን የንዝረት መጠን እንደማይገልጽ፤ የርዕደ መሬትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል ሳይንስ በዓለም ላይ እንደሌለ የጻፈና ደጋግሞ የተናገረ ስንት ነው? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ይህን ለማስረዳት ሲደክሙ ሰምተናል፤ ሆኖም የእነርሱ ማብራሪያ በተነገረበት ሳምንት «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት» እያለ ሰዓት የሚቆርጥ ወሬ ቀድሟቸው ከስልክ ወደ ስልክ ይሄድ ነበር። በ1953 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በኩል ባለው ካራ ቆሬ ላይ የደረሰው ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ ማፍረሱን የሚያነሣ ዘገባ ለማግኘት ብዙ ፈልጌያለሁ፤ የታሪክ መምህር ስለነበርሁ ይሆናል እንዲህ ያለው ነገር የሚያንገበግበኝ። የአገራችን የሕንፃ ኮድ ለመሬት መንቀጥቀጥ የተለየ ክፍል እንዳለው፣ በእኛም ሰፈር ያሉት ብሎኮች በዚያ ኮድ መሠረት መሠራት አለመሠራታቸውን ጠይቆ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ቢገኝ ኖሮ፣ እርሱ በእውነት የሚያስፈራም የሚጠቅምም ዜና ይሆን ነበር። ቀላሉ ነገር ግን የእኔን ጣት መቅረጽ ነው።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የተወዛወዘ መብራት ሰበር ዜና በሆነበት ጊዜ፣ መሬቱ በእግራቸው ሥር የተሰነጠቀባቸው ሰዎች በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ፣ በኦሮሚያ ክልል ደግሞ በፈንታሌ ወረዳ ነበሩ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩት ቀያቸውን ለቀው በመጠለያ ሰፍረዋል፤ ስለ ከሰም ግድብም ስጋት ነበር። አልተዘገበም አልልም፤ ተዘግቧል። ነገር ግን ከዋና ከተማው ፍርሃት ጋር ሲተያይ የተሰጠው ቦታ ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ ያን ጊዜ የወጡትን ጋዜጦች አገላብጦ ማየት ይቻላል። ወገንተኝነት ሲባል ሁላችንም የምናስበው ፓርቲና ብሔር ነው፤ ካሜራው ከቢሮው ርቆ የማይሄድ መሆኑም አንድ ወገንተኝነት ነው። እኛ የዳር ነዋሪዎች ደግሞ በዚህ ነገር መሀል ላይ ነን፤ ለአዋሽ ሰው እኛ ከተማ ነን፣ ለከተማው እኛ ዳር ነን።

ይህን ሁሉ ስል በመንግሥት የሚተዳደሩት መገናኛ ብዙኃን ከዚህ የጸዱ ናቸው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እነርሱ ዘንድ ያለው ማጋነን መልኩ የተገላቢጦሽ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሰፈራችንና ለአጎራባቾቹ ውኃ ይሰጣል የተባለ ጉድጓድ ሲመረቅ በሁለት አውቶቡስ ጋዜጠኞች መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ማታም «ነዋሪዎች ደስታቸውን ገለጹ» ተባለ። ደስታችንን መግለጻችን እውነት ነው፤ በዚያን ቀን ውኃ ነበርና። ክረምቱ ሳይገባ ፓምፑ ተቃጥሎ ቧንቧው ሲደርቅ ግን ደስታችን የት እንደደረሰ ሊጠይቅ የመጣ አልነበረም። ነዋሪው በዜና ላይ የሚታየው ሲደሰት ወይም ሲያለቅስ ብቻ ነው፤ ጥያቄ ሲጠይቅ የሚያሳይ ቀረጻ ብርቅ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ይህ ድንጋጌ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ምሽት ምሽት የሚተላለፈውን ዜና ለሚከታተል ሰው ግን ገና ትናንት የወጣና ያልተሰራጨ ይመስላል።

ጋዜጠኞቹን ብቻ መውቀስ አይገባም። ዘጋቢው ወደ እኛ ሰፈር የሚመጣው አዘጋጁ መኪና የላከለት፣ አበልም ያሰበለት ሁነት ሲኖር ነው፤ ሁነት በሌለበት ቀን ከመሀል ከተማ አያት ድረስ በታክሲ ተጋፍቶ፣ ከዚያም በባጃጅ መጥቶ ስለ ደረቀ ቧንቧ የሚጽፍ ሰው ወጪውን ከራሱ ኪስ ይችላል። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ጋዜጦችን እያነቀ መሆኑንም እናውቃለን። በዩቲዩብ በኩል ያለው ስሌት ደግሞ ግልጽ ነው፤ ብዙ ያየው ብዙ ይከፈልበታል፣ ድንጋጤ ደግሞ ብዙ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ሂዩማን ቢሄቪየር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ አፕወርዚ የተባለ የአሜሪካ ድረ ገጽ ከ100 ሺሕ በላይ የርዕስ ዓይነቶችን የሞከረበትን መረጃ መርምሮ፣ በአንድ ርዕስ ላይ አንድ አሉታዊ ቃል በተጨመረ ቁጥር ሰዎች ዜናውን የመክፈት ዕድላቸው በአማካይ በ2.3 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ሳይንስ በተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በትዊተር ላይ ለ11 ዓመታት ያህል የተሰራጩ 126 ሺሕ ገደማ ወሬዎችን ተከታትሎ፣ ሐሰቱ ከእውነቱ ይልቅ እንደገና የመጋራት ዕድሉ በ70 በመቶ የበለጠ መሆኑን፣ እውነት 1,500 ሰዎች ዘንድ ለመድረስ ሐሰት ከሚፈጅበት ጊዜ ስድስት እጥፍ ያህል እንደሚፈጅበት አግኝቷል። ይህን ያደረጉት በዋናነት ሰዎች እንጂ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አለመሆናቸውንም ጨምሮ ገልጿል። እውነቱ በስድስት እጥፍ የሚዘገይ ከሆነ፣ ሲደርስ ጭራሹን «ዜናው አልፎበታል» የሚባል ከሆነ፣ የቀረልን ነገር ምንድን ነው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ጉዳይ ላንሣ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 የሆነው የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ከቦሌ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ጊምቢቹ ወረዳ ላይ ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ ስመ ጥር ከሚባሉት የውጭ መገናኛ ብዙኃን አንዳንዶቹ ገና አመዱ ሳይቀዘቅዝ ዓይናቸውን የጣሉት በረዳት አብራሪው፣ 200 ሰዓት ብቻ በተባለው የበረራ ልምድ ላይ ነበር። ዋናው አብራሪ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ መሆኑ፣ አምስት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ ያው ዓይነት ቦይንግ 737 ማክስ በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎችን ይዞ መውደቁ ከበስተኋላ ቆመ። መጋቢት 26 ቀን የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርት አብራሪዎቹ በአምራቹ የተሰጠውን መመሪያ ደጋግመው መከተላቸውን ገለጸ፤ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው ሥርዓትም የክርክሩ ማዕከል ሆነ። ቦይንግ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በአሜሪካ የቀረበበትን የወንጀል ክስ ለማስቆም ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል። በእርግጥ እዚህ ላይ ተመልሰው የመጡ ጋዜጠኞች ነበሩ፤ የኩባንያውን ሰነዶች ፈልፍለው ያወጡት የአሜሪካ ጋዜጠኞች ራሳቸው ናቸው፣ ምስጋናም ይገባቸዋል። ግን መጀመሪያ የተጻፈው ነገር በብዙ ሰው አእምሮ እንደተጻፈ ቀርቷል። ባለፈው ዓመት ከውጭ የመጣ የዘመድ እንግዳ ስለዚያ አደጋ ስናወራ ያነሣብኝ ያንኑ 200 ሰዓት ነበር።

ለተማሪዎቼ እነግራቸው የነበረ የቆየ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1898 ሜን የተባለ የአሜሪካ የጦር መርከብ ያን ጊዜ በስፔን ይዞታ ሥር በነበረችው ኩባ፣ ሃቫና ወደብ ላይ ፈንድቶ ከ260 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የኸርስትና የፑሊትዘር የኒው ዮርክ ጋዜጦች ምርመራ ሳይጠብቁ ጣታቸውን ወደ ስፔን ቀሰሩ፤ በሚያዝያ ጦርነቱ ተጀመረ። ጦርነቱን ያመጡት ጋዜጦቹ ብቻ ናቸው ማለት ራሱ ማጋነን ነው፤ እንዲያ ብለን የምናስተምር መምህራን ግን ጥቂት አልነበርንም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ባሕር ኃይል አድሚራል ሪኮቨር የተመራ ምርመራ ፍንዳታው ከመርከቡ ውስጥ ከድንጋይ ከሰል ማከማቻው በተነሣ እሳት ሳይሆን እንደማይቀር ደምድሟል። ተመልሶ ለማየት 78 ዓመት ፈጀ።

ወደ ራሳችን ዳርቻ ልመለስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት በረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ በምንለው ሥፍራ የቆሻሻ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የወጣው የሟቾች ቁጥር በየሰዓቱ ይለዋወጥ ነበር፤ ፍለጋው ገና እየተካሄደ ስለነበር ይህ ይቅር የሚባል ነው። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፣ የዓለም ካሜራ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ እዚያው አጠገብ ሲመረቅ ደግሞ በአፍሪካ የመጀመሪያው እየተባለ ሌላ ግርግር ሆነ። በሐዘኑና በምረቃው መካከል፣ ከምረቃውም ወዲህ፣ የተረፉት ቤተሰቦች የት ሄዱ፣ የተገባላቸው ተፈጸመ ወይ፣ ክምሩስ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ነው የሚሉት ጥያቄዎች የዘወትር ዘጋቢ ይፈልጉ ነበር። እነዚህ የሚያስለቅስ ሙዚቃ የማይገባባቸው፣ ሪባንም የማይቆረጥባቸው ዜናዎች ናቸው።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። «ሚዲያው ወገንተኛ ነው» የሚለው ክስ ሁሉ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1982 በቤይሩት በፍልስጥኤማውያን ስደተኞች ላይ ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ የተሠሩ ተመሳሳይ የቴሌቪዥን ዜናዎችን ለእስራኤል ደጋፊዎችና ለዐረብ ደጋፊዎች አሳይተው ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ዜና አይተው የእኛን ወገን የሚጎዳ ነው አሉ። በእኛም ግቢ ከምሽቱ ዜና በኋላ የሚነሣውን ክርክር ለሚሰማ ይህ አዲስ አይሆንበትም። አንዱ ጎረቤቴ አንድን ጣቢያ በመንግሥት ቃል አቀባይነት፣ ሌላው ያንኑ ጣቢያ በተቃዋሚ አፍነት ይከሰዋል፤ ሁለቱም ሰበር የሚለውን ቪዲዮ ከማንም ቀድመው ለቡድኑ የሚልኩ ናቸው። ስለዚህ ጋዜጠኛው የሚመዘነው አንባቢውን ደስ በማሰኘቱ ወይም በማናደዱ ሊሆን አይችልም። ከታየው በላይ ተናግሯል ወይ፣ የተናገረው ሲፈርስስ ምን አደረገ የሚለው ይሻላል፤ ይህን ማንም አንባቢ የየትኛውም ወገን ቢሆን ጋዜጣውን ገልጦ ሊያየው ይችላል።

መፍትሔው ፖሊስ ነው የሚል ሐሳብም የለኝም። የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ ነገር ግን በዚህ አገር ጋዜጠኛ ሲታሰር የኖረው ባጋነነበት ብቻ ሳይሆን እውነት በመጻፉም እንደሆነ ዕድሜዬ ይበቃኛልና አይቻለሁ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት ማውጣቱ ትክክል ነበር። ያው አዋጅ በዘገባ የተነካ ሰው መልስ የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ እኛ የተነፈግነው ይህን ነው፣ የነፈገንም ሕጉ ሳይሆን የዝግጅት ክፍል ልማድ ነው። ያን ጊዜ ለኮሚቴው ጠበቃ እንያዝ ያሉ ነበሩ። የጥበቃዎችን ደመወዝ በጊዜ መክፈል ለሚያቅተው ማኅበር ግን ይህ የሚታሰብ አልነበረም።

በጋዜጣችሁ እርማት የሚወጣው፣ ሲወጣም፣ በውስጥ ገጽ ከጨረታ ማስታወቂያዎች መካከል በደቃቅ ፊደል መሆኑን ብዙ ጊዜ ታዝቤያለሁ። በፊት ገጽ የተሳሳተ ነገር በፊት ገጽ ቢታረም ጋዜጣው ይዋረዳል የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ። እኔ እንደ አንባቢ የምነግራችሁ የተገላቢጦሹን ነው፤ እርማቱን በጉልህ የሚያወጣ ጋዜጣ ያልታረመውን ዜና እንዳምንለት ያደርገኛል። ሰው ቤቱን እንዲለቅ፣ ገንዘቡን እንዲያወጣ ወይም ጎረቤቱን እንዲጠረጥር የሚያደርግ ዜና ስታትሙ ደግሞ በዚያው ዕለት ዘጋቢው መቼ ተመልሶ እንደሚሄድ ቀኑን መዝግባችሁ ያዙ፤ ተመልሶ ያገኘው «ምንም አልሆነም» ቢሆን እንኳ ያው ገጽ ላይ ይውጣ። ምንም አለመሆኑን የሚያበሥር ዜና ገበያ የለውም እንደምትሉኝ እገምታለሁ። ጫማ አድርገው የተኙትን ልጆች ወላጆች ብትጠይቁ ግን እንዲህ ያለውን ጋዜጣ በእጥፍ ዋጋ ይገዙት ነበር።

የመሐንዲሶቹን ደብዳቤ ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ዜናው አልፎበታል ካላላችሁ በስተቀር ልታትሙት ትችላላችሁ። ያ የውኃ ጉድጓድም አሁን በፈረቃ እየሰጠ ሲሆን፣ ስለ እርሱ የኮሚቴው ስብሰባ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በግቢያችን ይካሄዳል፤ ዘጋቢያችሁ ቢመጣ ወንበርና ሻይ እናቀርባለን፣ የትራንስፖርት አበል ግን በጀት የለንም።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረተኛ መምህርና የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ ጸሐፊ
ከአያት፣ አዲስ አበባ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)